ማታ ያለችን አንድ ሰዓት ናት፤ የትኛውን ተከታታይ ፊልም እንጀምር?

የመንትዮቹ አባት
ሰላም እንዴት ከረማችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። እኔና ባለቤቴ ልጆቹ ከተኙ በኋላ አብረን የምንቀመጥባት ጊዜ ቢበዛ አንድ ሰዓት ናት። ጠዋት ሁለታችንም ሥራ ገቢ ነን። ያቺው አንድ ሰዓት ደግሞ ምን እንይ ስንል ታልቃለች። ሪሞት ይዘን ወደ ታች እንወርዳለን፣ ወደ ጎን እንሄዳለን፣ አንዱን ትሬለር እንከፍታለን፣ እሷ «ይሄ ደም አለው» ትላለች፣ እኔ «ይሄ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ለቅሶ ነው» እላለሁ፣ እንዲህ እንዲህ ስንል እንቅልፍ ይጥለናል። ኔትፍሊክስ፣ ኤችቢኦ ማክስና አፕል ቲቪ አለን። ለሦስቱም በየወሩ እንከፍላለን።

የምንፈልገው ታሪኩ የሚይዝ፣ መጨረሻ ያለው፣ ዓመት ሙሉ የማያስከትለን ነገር ነው። ባለቤቴ ጭካኔ ማየት አትችልም። እናቴም ከአዲስ አበባ መጥታ አብራን ነች፤ ቅዳሜና እሁድ ከእሷ ጋር የሚታይ ካለ ብትጠቁሙኝ ደስ ይለኛል። እንግሊዝኛ አትሰማም። አገር ቤት እያለች ቃና ላይ የሚመጣ የቱርክ ድራማ አያመልጣትም ነበር።

ቄራ ሰፈር
ወንድሜ፣ ያለቀ ነገር ጀምር። ከዚህ የሚበልጥ ምክር የለኝም። ገና እየወጣ ያለ ተከታታይ ላይ ልብህን ከጣልክ መሐል መንገድ ላይ ሊጥልህ ይችላል። 1899 የሚባለውን ተመልከት። በ2022 መጨረሻ አካባቢ ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ። ስምንት ክፍል ነው። የመጨረሻው ክፍል ሁሉንም ነገር ገልብጦ አዲስ በር ከፈተ፤ 2023 እንደገባ ሁለተኛ ሲዝን እንደማይኖረው ተነገረ። ታሪኩ እዚያው ቀረ።

የእኔ ምርጫ ቼርኖቤል ነው። የ2019 የኤችቢኦ ሥራ ነው፣ አምስት ክፍል ብቻ። በሳምንት ትጨርሱታላችሁ። በ1986 የፈነዳውን የኒውክሌር ጣቢያ ታሪክ ነው የሚተርከው፣ ግን ፍንዳታው ገና ሲጀምር ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ የምታየው ማን ዋሸ፣ ማን ዝም አለ፣ ማን እያወቀ ወደ እሳቱ ገባ የሚለውን ነው። አምስተኛው ክፍል ላይ ሳይንቲስቱ ሌጋሶቭ ፍርድ ቤት ቆሞ ሰሌዳ ላይ ቀይና ሰማያዊ ካርዶች እየሰካና እየነቀለ ሪአክተሩ ለምን እንደፈነዳ ያስረዳል። ቀዩ ኃይሉን የሚጨምር ነው፣ ሰማያዊው የሚያበርድ። ፊዚክስ የማያውቅ ሰው እንኳ ሰማያዊዎቹ ሲያልቁ ምን እንደሚመጣ ይገባዋል፣ ልቡም ይመታል። ከባድ ነገርን እንዲህ አድርጎ የሚያስረዳ ሌላ ድራማ አላየሁም።

ዳርክም አለ። ጀርመንኛ ነው፣ ከ2017 እስከ 2020 በሦስት ሲዝን፣ በ26 ክፍል በሥርዓቱ ያለቀ። ግን አራት ቤተሰብ አለ፣ ዘመኑ ይደባለቃል፣ አንዱ ሰው አንዴ ልጅ አንዴ ሽማግሌ ሆኖ ይመጣል። እንቅልፍ እያዳፋህ የሚታይ አይደለም። ለእረፍት ጊዜ አስቀምጡት።

ሮማን ከዳላስ
ቄራ፣ ሰውዬው ባለቤቴ ጭካኔ አትችልም እያለህ እንዴት ቼርኖቤል ትለዋለህ? ሦስተኛው ክፍል ላይ ጨረር የመታቸው የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞስኮ ሆስፒታል ተኝተው ይታያሉ። አራተኛው ላይ ወታደሮቹ ሰው ጥሏቸው የሄደ ውሾችን እየዞሩ ይገድላሉ። ሥራው ግሩም ነው፣ አልክድም፣ ግን እሷ ያን አይታ እንቅልፍ አይወስዳትም። ሾገንንም እንዲሁ ሰው ሁሉ ይመክራችኋል፤ በ2024 የወጣ፣ 18 የኤሚ ሽልማት ያገኘ ነው፤ የመጀመሪያው ክፍል ላይ ግን ሰው በፈላ ውኃ ይቀቀላል። ባለቤትህ ሳታውቀው አትጀምሩት።

እኔ የምለው የኮሪያ ድራማ ሞክሩ። አብዛኛው 16 ክፍል ነው፣ በአንድ ሲዝን ያልቃል፣ መጨረሻውን ተጽፎ ታገኘዋለህ። ኤክስትራኦርዲናሪ አቶርኒ ዉ የሚባለውን ኔትፍሊክስ ላይ ፈልጉት፣ የ2022 ነው። ኦቲዝም ያለባት ወጣት ጠበቃ ሶል ውስጥ ትልቅ የጥብቅና ድርጅት ትቀጠራለች። ሕጉን በቃሏ ታውቀዋለች፣ ስለ ዓሣ ነባሪ አውርታ አትጠግብም፣ ግን መሥሪያ ቤቱ መግቢያ ላይ ያለው የሚሽከረከር በር ያስቸግራታል። ቆማ ታየዋለች፣ ልትገባ ትልና ትመለሳለች። አንድ የሥራ ባልደረባዋ ያያትና እንደ ዳንስ እርምጃ ቆጥራ እንድትገባ ያሳያታል። በዚያች በር ብቻ ልጅቷን ትወዳታለህ። አንድ የምስራች ደግሞ፣ ብዙውን ጊዜ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ጉዳይ አለው፣ ስለዚህ አንድ አይተህ ብትተኛ ነገ ምን ነበር ብለህ አትጨነቅም። ርዝመቱ ግን ከአንድ ሰዓት ትንሽ ያልፋል፣ እሱን ከአሁኑ እወቁት።

አጠር ያለ ከፈለጋችሁ ዘ ኩዊንስ ጋምቢት ሰባት ክፍል ነው። ቼዝ ባታውቁም ግድ የለም። የመጠጥና የመድኃኒት ሱስ አለበት እንጂ እንደዚያኛው ደም የለውም።

ቦሌ ማታ
እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ በሞባይል ዳታ ነው የማየው፣ ስለዚህ መምረጥ ለእኔ የብር ጉዳይ ነው። በጥሩ ጥራት ካየህ አንድ ሰዓት እስከ 3 ጊጋ ይበላል፤ ኔትፍሊክስ ላይ ጥራቱን ዝቅተኛ ካደረግከው ወደ 0.3 ጊጋ ይወርዳል። በስልክ ለማየት ዝቅተኛው በቂ ነው። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስትሆን ደግሞ አውርደህ መያዝ ትችላለህ። ይህን የምልህ እናትህ ሲመለሱ ስልካቸው ላይ ጭነህ ልትልክላቸው እንዳታስብ ነው፤ የወረደው አፑ ውስጥ ብቻ የሚከፈት ነው፣ ጊዜውም ያልፍበታል።

ወደ ጥያቄህ ስመለስ፣ ማታ አትምረጡ። ማታ ደክሟችኋል፣ የደከመ ሰው ሁሉንም ነገር እምቢ ይላል። ቀን ምሳ ሰዓት ላይ በቴክስት ተነጋገሩና ጨርሱት። አንድ ተከታታይ እሷ ትምረጥ፣ ቀጣዩን አንተ፣ የመረጠውን ሰው መቃወም አይቻልም፤ ጭካኔው ላይ ብቻ እሷ ሙሉ መብት ይኑራት። ስሙን ካወቃችሁ በኋላ የት እንዳለ ለማወቅ ሦስቱንም መክፈት አያስፈልግም፤ ጀስትዋች የሚባል ድረ ገጽ አለ፣ አገርህን ትመርጣለህ፣ ርዕሱን ትጽፋለህ፣ የትኛው አገልግሎት ላይ እንዳለ ይነግርሃል። ዝርዝሩ እንደየአገሩ ስለሚለያይ እኔ አለ የምልህ አንተ ጋ ላይኖር ይችላል። ኔትፍሊክስ ላይ ደግሞ ፕሮፋይልህ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ትሬለሩ በራሱ እንዳይጫወት አጥፋው። ያ ጩኸት ነው ግማሹን ውሳኔ የሚያበላሸው።

ሦስት አገልግሎት በአንዴ መክፈልም አይገባኝም። አንዱን ክፈል፣ የምትፈልገውን ጨርስ፣ ሰርዝ፣ ወደ ሌላው ሂድ። ብትመለስ ፕሮፋይልህና ያየኸው ዝርዝር ለወራት ይጠብቅሃል።

የመንትዮቹ አባት
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ምሳ ሰዓት ላይ የሚለውን ለባለቤቴ ነገርኳት፣ ወዳዋለች። አንድ ጥያቄ ልጨምር፤ ካልያዘን ስንት ክፍል አይተን እንተው? ሥራ ቦታ ያለ ጓደኛዬ ዘ ዋየርን አምስት ክፍል ታገሥ ይለኛል። አምስት ክፍል ለእኛ አንድ ሳምንት ነው።

ቄራ ሰፈር
ጓደኛህ ልክ ነው። ዘ ዋየር ባልቲሞር ውስጥ ስላሉ ፖሊሶችና ዕፅ ሻጮች ነው፣ ከ2002 እስከ 2008፣ 60 ክፍል። መጀመሪያ ላይ ማን ማን እንደሆነ አይነግርህም፣ ታሪኩ የቆመበት የፖሊሶቹ ስልክ ጠለፋ ራሱ ቶሎ አይጀመርም። ግን ሦስተኛው ክፍል ላይ ዲያንጀሎ የሚባለው ዕፅ ሻጭ አብረውት ለሚሠሩ ሁለት ልጆች ቼዝ ያስተምራቸዋል። ንጉሡ አለቃው ነው፣ ወታደሮቹ እናንተ ናችሁ፣ ወታደር ቶሎ ነው የሚሞተው። አንደኛው ልጅ «ጎበዝ ወታደር ካልሆነ» ብሎ ይከራከረዋል። ሙሉው ተከታታይ እዚያች ውስጥ አለ። ያን አይቶ ያልያዘው ሰው ይተወው፣ ከዚያ በፊት ግን መፍረድ ግፍ ነው።

ሮማን ከዳላስ
ሁለት ክፍል ይበቃል። ልጅ ያላቸው፣ ሥራ ያላቸው ሰዎች ናቸው፣ ፈተና የተቀመጡ አይደሉም። ሁለት ክፍል ካዩ በኋላ ባልና ሚስቱ ቀን ስለ እሱ ካላወሩ አልያዛቸውም ማለት ነው። ዘ ዋየርም ቢሆን ግድያ የሞላበት ነው፣ እሱ ብቻውን ሲሆን ይየው።

ሲልቨር ስፕሪንግ
ስለ እናትህ ማንም አልመለሰልህምና እኔ ልበል። እናቴን ይዤ ስለምኖር ይህ ጉዳይ ያገባኛል። ሰው እየሳቀ እሷ ዝም ብላ ስትቀመጥ ያሳዝናል። ስለዚህ ንግግር የማያስፈልገው ፈልግ። ሚስተር ቢን እስካሁን አልተበላሸም፣ ከ1990 እስከ 1995 የተሠራ ነው፣ ንግግር የለውም ማለት ይቻላል። ሾን ዘ ሺፕ የሚባለው የበጎች አኒሜሽን ደግሞ ቃል የሚባል የለውም፣ አንዱ ክፍል ሰባት ደቂቃ ገደማ ነው። መንትዮቹም አያትም አንድ ሶፋ ላይ እኩል ይስቃሉ።

ከዚያ የ2006ቱን የቢቢሲ ፕላኔት ኧርዝ ፈልግ፣ ስለ ተራራ የሚለውን ክፍል። የሚጀምረው ከእኛው ኤርታሌ ነው። ቀጥሎ ደጋው ላይ ያሉት ጭላዳዎች ይመጣሉ፣ ገደሉ ጫፍ ላይ ሣር እየነጩ፣ ዋልያ አጠገባቸው ቆሞ፣ ቀበሮ እንዳይመጣ እየተጠባበቁ። እናቴ ያን ጊዜ ተርጓሚዋ እሷ ሆነች፣ እኔ አዳማጭ። ስለ ጭላዳ የማላውቀውን ብዙ ነገር ነገረችኝ። የቱርኩንም ነገር ካነሳህ፣ የኮሪያውን ድራማ አጠገቧ ተቀምጠህ በየመሐሉ ብትነግራት ትከታተላለች። አማቷ ምን እንዳለች ካወቀች ሌላው በፊታቸው ይገባታል።

የመንትዮቹ አባት
ጭላዳውን እሁድ እናያለን። ለማታው ባለቤቴ የጠበቃዋን መርጣለች። ሮሚ፣ በእንግሊዝኛው ድምፅ ነው ወይስ በኮሪያኛው ከነሰብታይትሉ?

ሮማን ከዳላስ
በኮሪያኛው። የተዋናይቷ የፓርክ ኡን ቢን አነጋገር የትወናው ግማሽ ነው፣ ፍጥነቷም አተነፋፈሷም። ሰብታይትል ማንበብ ቢያደክማችሁ እንኳ የመጀመሪያውን ክፍል በኮሪያኛው እዩት፣ ከዚያ ወስኑ።