ለካውንቲው የሚገባው የቆጠራ ፕሮፖዛል፣ ረቂቅ 2፦ እስከ እሑድ አስተያየት ስጡ

ጸሐፊ፦
የመጀመሪያውን ረቂቅ ያነበበው 3 ሰው ብቻ ስለሆነ አሳጥሬዋለሁ። ዋናው ነገር አልተቀየረም። እኛ እዚህ ሚኒሶታ ያለን ኢትዮጵያውያን ለ2030 የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ (ሴንሰስ) ከአሁኑ እንዘጋጅ፤ ካውንቲው፣ ማለትም የአካባቢያችን አስተዳደር፣ 14 ሺህ ዶላር ይደግፈን። በገንዘቡ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛና አኝዋክኛ የሚችሉ 4 ሰዎች ቤት ለቤት ዞረው ያስረዳሉ።

ለምን? ኖብልስ ካውንቲ በ1990 የነበረው ሕዝብ 20,098 ነው። በ2020 22,290 ደርሷል። በዙሪያችን ያሉ ብዙ የእርሻ ካውንቲዎች ሰው እያጡ የኛ ያደገው ለሥጋ ፋብሪካው ሥራ በመጣ ሰው ነው። ላቲኖው ሲሶ ገደማ ሆኗል። ወርቲንግተን ከተማ ውስጥ ነጩ ከግማሽ በታች ነው። ከእስያ ስለመጡት፣ ስለ ላኦሱና ስለ በርማው ካረን፣ ሲወራ በስማቸው ይጠራሉ። እኛ «ጥቁር» የሚለው ቁጥር ውስጥ ገብተን ቀርተናል። የ2020 የቆጠራ ቅጽ «ጥቁር» ከሚለው ሳጥን ሥር መነሻ የሚጻፍበት መስመር ነበረው፤ በምሳሌነት ከጠቀሳቸው ውስጥ «ኢትዮጵያዊ» አንዱ ነው። ስንቶቻችን ጻፍንበት? እኔ ራሴ የጎረቤቴን ስሞላላት መስመሩን ባዶ ተውኩት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አባሪው ላይ እኛው የምንሞላው ቅጽ አለ፦ የቤተሰብ ብዛት፣ የትውልድ አገር፣ ቋንቋ፣ ብሔር።

የማታ ሺፍት፦
«ብሔር» የምትለዋን አውጣት። ሌላው ደህና ነው።

ጸሐፊ፦
ለምን?

የማታ ሺፍት፦
ለምን ትላለህ እንዴ? ቀበሌ መታወቂያ ላይ ተጽፎብን ኖረን። ኬላ ላይ መታወቂያ ስሰጥ ዓይኑ መጀመሪያ የት እንደሚያርፍ እኔ አውቃለሁ። ውቅያኖስ ተሻግሬ ያቺን መስመር በገዛ ማኅበሬ ወረቀት ላይ አላይም።

ሹፌሩ፦
እኔስ ምን ብዬ ልሙላ? አባቴ ኦሮሞ፣ እናቴ ጉራጌ፣ ባለቤቴ ኤርትራዊት። ልጆቹ እዚህ ነው የተወለዱት።

የጋምቤላ ልጅ፦
እኔ ይኑር ባይ ነኝ። እናቴን ባለፈው ዓመት ክሊኒክ ወሰድኳት። ፋይሏ ላይ «ኢትዮጵያ» ይላል። በስልክ አስተርጓሚ አቀረቡላት፣ በአማርኛ። እናቴ አማርኛ አትችልም። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ «እሺ፣ እሺ» ስትል ቆየች። ነርሷ የገባት መስሏት መዝግባ ወጣች። ያኔ ነው ኢትዮጵያዊ መባል ብቻውን እንደማይበቃን የገባኝ።

የማታ ሺፍት፦
እሱ የቋንቋ ጉዳይ ነው። ቋንቋ የሚል ዓምድ አለልህ።

የጋምቤላ ልጅ፦
ልጆቼ የሚናገሩት እንግሊዝኛ ነው። አኝዋክ አይደሉም ልትለኝ ነው?

የማታ ሺፍት፦
እንደዚያ አላልኩም። አፌ ላይ ቃል አትጨምር።

ነባሩ፦
ተረጋጉ። አገራችን ለመጨረሻ ጊዜ ሕዝቧን የቆጠረችው በ1999 ዓ.ም ነው። ያ ቆጠራ ብሔር ጠየቀ፤ ውጤቱ ላይ የተነሳው ጭቅጭቅ ይኸው እስከ ዛሬ አለ። ያንን እዚህ አታምጡብን።

ቅዳሜ አስተማሪ፦
አንድ ነገር ልጨምር። በ2024 ማርች የወጣውን የፌዴራል መመሪያ አንብቤዋለሁ። ዘርና ላቲኖነት በአንድ ጥያቄ ይጠየቃሉ ይላል። «ጥቁር» ከሚለው ሥር በሳጥን የተቀመጡት አፍሪካን አሜሪካን፣ ጃማይካዊ፣ ሄይቲያዊ፣ ናይጄሪያዊ፣ ኢትዮጵያዊና ሶማሌ ናቸው። ብሔራችሁ ምንድን ነው የሚል ሳጥን የለውም። መንግሥት ያልጠየቀንን እኛ ለምን እንጠያየቃለን?

ሹፌሩ፦
ኤርትራዊ የሚል ሳጥንስ?

ቅዳሜ አስተማሪ፦
ለብቻው የለም። በጽሑፍ ይሞላል።

ሹፌሩ፦
እንግዲያው የፕሮፖዛሉ አርእስት ላይ «የኢትዮጵያና የኤርትራ ማኅበረሰብ» ተብሎ ይስተካከል። ባለቤቴ 11 ዓመት ለእድሩ ከፍላለች። ወጥ ሲሠራ ትጠራለች፣ ስሟ ሲጻፍ ትረሳለች።

ገንዘብ ያዥ፦
ይህን ሁሉ መልስ አነበብኩ። አንድም ሰው ስለ በጀቱ አልጠየቀም። የቤንዚን ገንዘብ አልገባም። ኤድሪያን እና ራውንድ ሌክ ከተሞች ድረስ በገዛ ቤንዚኑ የሚሄድ ማን ነው? ስሙን ይጻፍ።

የማታ ሺፍት፦
ገንዘብ ያዥ ስለሆንክ ሁሉ ነገር ገንዘብ ይመስልሃል።

ገንዘብ ያዥ፦
አንተ ልጅ ከማን ጋር እንደምታወራ እወቅ። ያቺን የገንዘብ ሳጥን 9 ዓመት አንድ ሳንቲም ሳይጎድል ይዣለሁ። ካልፈለጋችሁኝ እሑድ ቁልፉን አስረክባለሁ።

የማታ ሺፍት፦
ይቅርታ ጋሼ። ከሥራ እንደወጣሁ ነው የጻፍኩት፤ እጄ እስካሁን ይንቀጠቀጣል። ግን አንድ ነገር ልበል። በ2006 ዲሴምበር 12 ኢሚግሬሽን ፋብሪካውን ሲከብ እዚሁ ነበርኩ። የዚያን ቀን የተወሰዱት በብዛት ላቲኖዎች ናቸው፤ ፍርሃቱ ግን የሁላችንም ነበር። ከዚያ በኋላ ለወራት በር ሲንኳኳ ቴሌቪዥን አጥፍተን ዝም እንል ነበር። የጎረቤቴ ልጅ አልጋ ሥር መግባት ለምዶ ነበር። አሁን እኛው ወረቀት ይዘን እናንኳኳና «ብሔርዎ ምንድን ነው?» እንበል? በሩን ማን ይከፍትልናል?

ነባሩ፦
እውነቱን ነው። ያኔ እኔም አልከፍትም ነበር።

ቅዳሜ አስተማሪ፦
ሴንሰስ ላይ የምንሞላውን ሕግ ይጠብቀዋል። የግለሰብ መልስ ለ72 ዓመት አይገለጥም፤ ያወጣ ሠራተኛ እስከ 5 ዓመት ሊታሰር ይችላል። እኛ ቤት ለቤት የምንሰበስበውን ግን ይህ ሕግ አይሸፍነውም። ኤክሴሉ በማን ላፕቶፕ ላይ ነው የሚቀመጠው? ላፕቶፑ ቢሰረቅስ? እኔን ከዓምዱ ይልቅ የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

ጸሐፊ፦
ኤክሴሉን የኮሌጁ ልጅ እሠራለሁ ብሏል። በይለፍ ቃል ይዘጋል።

የኮሌጁ ልጅ፦
አዎ፣ ዛሬ ማታ እልካለሁ።

ጸሐፊ፦
እባካችሁ ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። የኮንግረስ ወንበር ለየግዛቱ የሚደለደለው በቆጠራው ነው። በ2020 ቆጠራ ሚኒሶታ 8ኛውን የኮንግረስ ወንበር ሳትነጠቅ የቀረችው በምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ኒው ዮርክ 89 ሰው ብቻ ጨምራ ብትቆጥር ወንበሩ የሷ ይሆን ነበር። 89 ሰው! በፋሲካ ሌሊት አዳራሻችን ውስጥ ከዚያ የሚበልጥ ሰው ይቆማል። እያንዳንዳችን መቆጠራችን ዋጋ አለው።

ሌላም አለ። ሴንሰስ ቢሮ በየዓመቱ የሚያወጣው ጥናት ከ65 ሺህ ሕዝብ በታች ላለው ካውንቲ የአንድ ዓመት ቁጥር አያወጣም። የኛ የሚወጣው የ5 ዓመት አማካይ ሆኖ ነው። የቋንቋው ሰንጠረዥ ደግሞ አማርኛን ከሶማልኛና ከሌሎች ጋር በአንድ መስመር ያስገባዋል። ትምህርት ቤቱ ወይም ሆስፒታሉ አስተርጓሚ ልቅጠር ብሎ ቢያይ ስንት አማርኛ ተናጋሪ እንዳለ ከዚያ አያገኝም። የራሳችን ቁጥር ይኑረን ያልኩት ለዚህ ነው። ብሔር የጨመርኩትም ለጋምቤላ ልጆች ብዬ ነው።

የጋምቤላ ልጅ፦
አመሰግናለሁ። ግን ሰው የሚፈራ ከሆነ ይውጣ። በምትኩ «ለሐኪም የሚመርጡት ቋንቋ» በሉት። እናቴን የሚጠቅማት እሱ ነው።

የማታ ሺፍት፦
በዚህ እስማማለሁ። እንዲያውም ለአኝዋኮቹ ቤት አብሬህ እዞራለሁ።

የቡና እናት፦
ዘግይቼ ነው ያየሁት። እኔ ስለ ቅጹ ሌላ ሐሳብ አለኝ። ባለፈው ክረምት እህታችን ሆስፒታል ስትገባ የዘመዷን ስልክ ፍለጋ ሁለት ቀን ዞርን። በመጨረሻ የተገኘው ፍሪጅ ላይ በማግኔት በተለጠፈ ወረቀት ነው። ቤት ለቤት ከተዞረ ስምና የቅርብ ሰው ስልክ ይመዝገብ። ለእድሩ ከዚህ የበለጠ ምን ይጠቅመናል?

ነባሩ፦
ይህማ ግዴታ ነው።

ሹፌሩ፦
ይህ ከገባ በራሴ ቤንዚን እዞራለሁ። ኤድሪያን የኔ ነው።

ቅዳሜ አስተማሪ፦
ስምና ስልክ ከገባ ግን ወረቀቱ ለካውንቲው አይሰጥም። እኛው ጋ ይቀራል።

ገንዘብ ያዥ፦
እንደሱ ከሆነ ካውንቲው ለእድር መዝገብ ለምን ገንዘብ ይሰጠናል? 14 ሺሁን በምን እንጠይቅ?

የቡና እናት፦
በጁላይ ፍርድ ቤቱ ግቢ በሚደረገው ኢንተርናሽናል ፌስቲቫል። ትልቅ ካርታ እናቁም፤ የሚመጣው ሰው ሁሉ፣ ነጩም ላቲኖውም ካረኑም፣ የመጣበት ቦታ ላይ መርፌ ይሰካ። አጠገቡ ቡና ይፈላል። የካውንቲው ሕዝብ ማን እንደሆነ በዓይን ይታያል። ድንኳንና ጀበና ግን ያስፈልጋል። የባለፈው ዓመት ድንኳን እግሩ ተሰብሯል።

ሹፌሩ፦
ካርታው በጣም ደስ ይላል። ልጆቼ ሁለት መርፌ ይሰካሉ።

ነባሩ፦
ባንዲራውን እንዳታነሱ ብቻ። የትኛውንም።

ጸሐፊ፦
የቆጠራውን ነገር የተውነው መስሎኝ ደነገጥኩ። ረቂቅ 3 ላይ ሁሉንም አስገብቼዋለሁ፦ ካርታ፣ ድንኳን፣ የእድር መዝገብ፣ በመጨረሻው ገጽ ላይ ቆጠራ። «ብሔር» ወጥቷል። ኤርትራ አርእስቱ ላይ ገብቷል። ገንዘቡ ወደ 6 ሺህ ወርዷል። ቤት ለቤት እዞራለሁ ያሉት 2 ናቸው፤ ትግርኛና ኦሮምኛ የሚችል ገና አልተገኘም። እኔ ቆጠራውን አልተውኩትም፣ ማንም ባይመጣ ብቻዬን እዞራለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
ድንኳኑን በ6 ሺው ውስጥ አትጻፈው። ከሳጥኑ አወጣለሁ።

ጸሐፊ፦
እሺ ጋሼ። የኮሌጁ ልጅ፣ ኤክሴሉ አልደረሰኝም። ሦስቴ ደወልኩልህ፣ ስልክህ ይጠራል አይነሳም። ማክሰኞ ለካውንቲው መግባት አለበት። ሌላ ኤክሴል የሚችል ካለ ከነገ ሺፍት በፊት ይደውልልኝ።