ማዶ ያለው ማደያ ቢራ ይሸጣል፣ እኔን ግን "ሰፈሩ ድራይ ነው" አሉኝ (ዳላስ አካባቢ)

ሚሚ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ ከዳላስ አጠገብ ካሉት ትንንሽ ከተሞች በአንዷ ምግብ ቤት ልንከፍት ነው። ቤቱ ቀድሞ ፒዛ ቤት ነበር፣ ኩሽናው ከነጭስ መሳቢያው አለ፣ ኪራዩም የሚቀመስ ነው። ሊዙን (የኪራይ ውሉን) ልንፈርም ስንል ኤጀንታችን "ሰፈሩ ድራይ (መጠጥ መሸጥ የተከለከለበት) ነው፣ መጠጥ ለማቅረብ ፕራይቬት ክለብ ማቋቋም አለባችሁ" አለን። ግራ ገባኝ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ማደያ ቢራ በካርቶን ይሸጣል፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ክለብ የሚባለው ምንድን ነው? ደግሞስ ጠጅ ራሴ ጥዬ መሸጥ እችላለሁ? የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ፣ የቤቱ ባለቤት ፈርሙ እያለ እያጣደፈን ነው።

ጋሽ ቴክሳስ፦
ሚሚዬ፣ ሁለታችሁም ልክ ልትሆኑ ትችላላችሁ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1920 እስከ 1933 መጠጥ በሕገ መንግሥቷ ከልክላ ነበር። 18ኛው ማሻሻያ ከለከለ፣ 21ኛው ሻረው። ሲሽረው ግን ነገሩን ለየስቴቱ ተወለት። ቴክሳስ የራሷን ክልከላ ያነሳችው በ1935 ነው፤ ያኔም "እያንዳንዱ አካባቢ በድምፁ ይወስን" አለች። ካውንቲው፣ ከተማው፣ እንዲያም ሲል ፕሪሲንክቱ (የካውንቲው ክፍል) ለየብቻ ድምፅ ይሰጣል። አንዴ ድራይ የተባለ ሰፈር በሌላ ድምፅ እስካልተሻረ ድረስ ድራይ ነው፤ ድምፁን የሰጡት ሰዎች በሙሉ ቢሞቱም።

ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። የፕሪሲንክቱ ወሰን ኋላ ቢቀየርም፣ ለመጠጥ የሚሠራው ድምፅ በተሰጠበት ጊዜ የነበረው ወሰን ነው። ስለዚህ ዛሬ ማንም ካርታ ላይ የማታገኚው መስመር በመንገድሽ መሀል ለመሀል ሊያልፍ ይችላል። ማደያው በአንዱ ወገን፣ አንቺ በሌላው።

ወይም ደግሞ መስመሩ ጭራሽ የለም። ምርጫው "ይፈቀድ፣ አይፈቀድ" ብቻ አይደለም። ቢራና ወይን ገዝቶ ይዞ ለመሄድ ብቻ የፈቀደ ሰፈር አለ። ምግብ ቤት ውስጥ ብቻ የፈቀደም አለ። የማደያው ካርቶን ስላንቺ ምንም አይነግርሽም።

በነገራችን ላይ ድሮ የባሰ ነበር። እስከ 1971 ድረስ በዚህ ስቴት ቡና ቤት ገብተሽ ውስኪ በብርጭቆ አትገዢም። ጠርሙስሽን በወረቀት ከረጢት ይዘሽ ትገቢያለሽ፣ ቤቱ በረዶና ሶዳ ይሸጥልሻል።

ዳላሴው፦
ታሪኩ ደስ ይላል ጋሼ፣ ግን እህታችን ሊፈርሙ ነው 😄

ሚሚ፣ ኤጀንቱን አትመኚ። ባለቤቱንም አትመኚ። እኔንም ጭምር። የቲኤቢሲ (የስቴቱ የመጠጥ ኮሚሽን) ማመልከቻ ላይ የከተማው ሴክሬታሪና የካውንቲው ክለርክ "ይህ አድራሻ እንዲህ ያለ መጠጥ የተፈቀደበት ነው" ብለው የሚያረጋግጡበት ቦታ አለ። ሰፈሩን ለይተው የሚነግሩሽ እነሱ ናቸው። ሊዝ ሳትፈርሚ አድራሻውን ከነስዊት ቁጥሩ ይዘሽ ሂጂ። "መጠጥ ይቻላል ወይ?" ብለሽ አትጠይቂ። "ቢራና ወይን እዚሁ የሚጠጣ? ቅልቅል መጠጥስ (ውስኪን የመሰለ ጠንካራው ጭምር)? በምን ዓይነት ፐርሚት (ፈቃድ)?" በያቸው። ጥያቄው ካልተፈለፈለ መልሱም አይፈለፈልም።

ቀጥሎ ርቀቱን አስለኪ። ከተሞች ከቤተ ክርስቲያንና ከትምህርት ቤት በ300 ጫማ ውስጥ መሸጥን መከልከል ይችላሉ። አለካኩ ራሱ ይለያያል፦ ለቤተ ክርስቲያን ከበር እስከ በር በመንገዱ ዳር ዳር ነው፣ ለትምህርት ቤት ግን ከይዞታ እስከ ይዞታ በቀጥታ። በስልክሽ ካርታ ለክተሽ እንዳትተኚ።

ሊዙ ላይ ደግሞ "ፐርሚቱ ካልወጣ ውሉ ይፈርሳል፣ ዲፖዚቱም ይመለሳል" የሚል አንቀጽ አስገቢ። እምቢ ካለሽ ተይው፣ ቤት ሞልቷል። ኪራዩ ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠርም ተነጋገሪ፤ ቦታው በቅርብ ጊዜ ፈቃድ ያልነበረው ከሆነ በሩ ላይ ማስታወቂያ ለ60 ቀን መለጠፍ አለብሽ።

ወረቀት አዋቂ፦
ስለ ክለቡ ልመልስ። ፕራይቬት ክለብ ማለት ድራይ ሰፈር ውስጥ መጠጥ ለማቅረብ የተገኘ ሕጋዊ መውጫ ነው። በሕጉ ዓይን አንቺ መጠጥ አትሸጪም። መጠጡ የአባላቱ የጋራ ንብረት ነው፣ ቤትሽ ያስቀምጥላቸዋል፣ ይቀዳላቸዋል። እንግዳው ሲመጣ አስተናጋጇ መታወቂያ ተቀብላ ስሙን ትመዘግባለች፣ ሰውየው ክትፎ ሊበላ ገብቶ የክለብ አባል ይሆናል። አባላትን የሚቀበል ኮሚቴ ያስፈልጋል፣ መዝገቡም ይመረመራል። ይቻላል፣ ግን ጣጣው ብዙ ነው።

ዳላስ ከተማ ውስጥም ኦክ ክሊፍን የመሳሰሉ ሰፈሮች እስከ ቅርብ ጊዜ በዚህ ነው የኖሩት። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2010 መላው ከተማ ድምፅ ሰጥቶ ነው የቀረው። ብዙ ኤጀንቶች የድሮውን ወሬ ይዘው ነው የሚያወሩት፣ ያንቺም እንደዚያ እንዳይሆን።

ጠጅ ጣይ፦
ጠጁን ለእኔ ተዉልኝ። ቤትሽ ለራስሽ መጣል ትችያለሽ። የፌዴራል ሕግ ለአንድ አዋቂ በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂ ላለበት ቤት 200 ጋሎን ይፈቅዳል። 200 ጋሎን ከ750 ሊትር በላይ ነው፣ ለሰርግም ይተርፋል። መሸጥ ግን አይቻልም፣ አንድ ብርሌም ቢሆን። "ጠጁ ነፃ ነው፣ ምግቡን አስከፍላለሁ" የሚሉ አሉ፤ ተቆጣጣሪው ይህን ዘዴ ካንቺ በፊት ሰምቶታል። ለመሸጥ ከፈለግሽ ጠጅ በሕጉ ወይን ነው፤ የወይን ፋብሪካ ፈቃድ ከፌዴራልም ከስቴትም ያስፈልጋል። የታሸገውን ከአከፋፋይ ግዢ፣ ይቀልሻል።

አረቄ ማውጣት ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነገር ነው፣ ከጠጅና ከጠላ ጋር አንድ እንዳይመስልሽ። ያለ ፈቃድ እንዳትነኪው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
አይዞሽ ሚሚ፣ እኛም ጋ የራሱ ጣጣ አለው። ሞንትጎመሪ ካውንቲ (ሜሪላንድ) ከ1933 ጀምሮ መጠጡን የያዘው የካውንቲው መንግሥት ነው። ምግብ ቤቴ ውስጥ የምሸጠውን መጠጥ የማዝዘው ከካውንቲው ነው። ወንዙን ተሻግረሽ ቨርጂኒያ ስትገቢ ደግሞ ውስኪው በስቴቱ ሱቅ ብቻ ነው የሚሸጠው፣ ቢራና ወይን ግን ግሮሰሪ ታገኛለሽ። ዲሲ ሱቁ የግል ነው። በሃያ ደቂቃ መንገድ ሦስት አገር።

ዳላሴው፦
ያነሳሽው ጥሩ ነው፣ ቴክሳስም ከየት እንደምትገዢ ይወሰናል። ቢራና ወይን ከአከፋፋይ፣ ጠንካራውን መጠጥ ለምግብ ቤት ለመሸጥ ፈቃድ ካለው ሊከር ስቶር። ቅዳሜ ማታ አለቀብኝ ብለሽ ኮስትኮ ሮጠሽ ገዝተሽ መሸጥ አይቻልም። የእኛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀጣው በዚህ ነው።

ሚሚ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ሲቲ ሆል ሄጄ መጣሁ። ሴክሬታሪዋ አንድ የቆየ ማህደር አወጣችና ከተማው ኋላ ላይ እንደገና ድምፅ ሰጥቶ እንደነበር አሳየችኝ። ምግብ ቤት ከሆነና ከመጠጡ ፐርሚት ጋር የምግብ ሰርተፊኬት ካወጣን ቅልቅል መጠጥም ይቻላል፣ ክለብ አያስፈልግም። የካውንቲውን ክለርክ ገና እየጠበቅኩ ነው። አንቀጹንም ባለቤቱ እያጉረመረመ ተቀብሏል። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ነው ዋናው ገበያችን። ስንት ሰዓት ላይ መሸጥ እችላለሁ?

ጋሽ ቴክሳስ፦
እሁድ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ከምግብ ጋር ብቻ። ከ6 በኋላ ያለ ምግብም ይቻላል። ሊከር ስቶሮች ግን እሁድ ቀኑን ሙሉ ዝግ ናቸው፣ በሌላው ቀንም ከጠዋቱ 4 እስከ ማታ 3 ሰዓት ነው የሚሠሩት። ፋሲካ ሁልጊዜ እሁድ ስለሚውል ውስኪሽን ዓርብ አዝዢ፤ ቅዳሜ ሹር ማታ ያልገባ ለፋሲካ አይደርስም።