ጣርማ በር ላይ ፍሬኔ ሰመጠ፣ ምን ላድርግ?

መንገደኛው፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ቶሎ መልሱልኝ። ከዋሻው ወጥተን ወደ ደብረ ሲና እየወረድን ነበር። ፍሬኑ ሲረገጥ ይሰምጣል። ከፊት ጎማ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ዳር ይዤ ቆሜያለሁ፣ ጉሙ ከባድ ነው። ሸዋ ሮቢት ወርደን ዓሣ ልናጠምድ ነበር። ውሃ ላፍስበት?

ሸዋዬ፦ መኪናው ምንድነው?

መንገደኛው፦ አባዱላ፣ ማንዋል። የኋላውን ወንበር አውልቀን አልጋ ገጥመንበታል። ቡታጋዝ፣ ሁለት ጀሪካን ውሃ፣ አራት ሰው።

ቀልደኛው፦ ሳሎን ቀርቷችኋል።

አባ መንገድ፦ ልጄ፣ ያ ቁልቁለት ቀልድ አያውቅም። ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 ግድም። በእኛ ጊዜ ሾፌር ማርሽ የሚቀንሰው ገና ዋሻው አፍ ላይ ነበር። በወጣህበት ማርሽ ውረድ ይባላል። ዛሬ ግን ሁሉም ፍሬን ላይ ቆሞ ነው የሚወርደው።

ግራሶ፦ ውሃ እንዳታፈስ! የጋለ ዲስክ ቀዝቃዛ ውሃ ካገኘው ይጣመማል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። ጎማው ስር ድንጋይ ታኮ አድርግ፣ ማርሽ ውስጥ አስገብተህ አጥፋው። የእጅ ፍሬኑን ሳይበርድ አትሳብ። ቢያንስ አንድ ሰዓት ጠብቅ። የፍሬን ዘይቱ ፈልቶ ይመስለኛል። ሲፈላ አረፋ ይሠራል፣ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል፤ እግርህ ወለል የሚነካው ለዚያ ነው። ጎማዎቹን ከውስጥ በኩል በባትሪ እያቸው። እርጥብ ከሆነ ዘይት እያፈሰሰ ነውና ንቅንቅ አትበል። በሚያልፍ አይሱዙ አንድ ሰው ደብረ ሲና ልከህ መካኒክ አስመጣ።

የመንዙ፦ ውሃ እንዳታፈስ። ድንጋይ አድርግ።

ቀልደኛው፦ የገደል ማሚቶ አለ እንዴ እዚህ?

ወይዘሮ ደጋ፦ ይቅርታ፣ ግን በነሐሴ ዓሣ ማጥመድ ምን የሚሉት ነው? ወንዙ ሁሉ ደፍርሶ ሻይ በወተት መስሏል። ደጋው ላይ ዘንቦ ቆላው ጠራራ ፀሐይ ሆኖ እያለ ደራሽ ይመጣል። ፍሬናችሁ እንኳን ተበላሸ ልበል? ደግሞም ፍልሰታ ነው።

መንገደኛው፦ እትዬ፣ የጾሙን ነገር ለነፍስ አባቴ ተዉልኝ። አሁን ገደል አፍ ላይ ነኝ።

ወንዝ ዳር፦ ስለ ደራሹ እውነቷን ነው። ዋናው ወንዝ ውስጥ አትግቡ። ውሃው ሲጎድልና ሰማዩ ሲጠራ፣ ከገባሩ ዳር የረጋ ቦታ ፈልጉ። አምባዛ ድፍርስ አይፈራም፣ በጢሙ ዳብሶ ነው የሚበላው። ትል በቂ ነው። ለቢልጫ ግን ጥቅምትን ጠብቁ፣ ውሃው ሲጠራ ይሻላል።

ሸዋዬ፦ ሰውየው ፍሬን አጥቶ አንተ ትል ትመርጣለህ?

መንገደኛው፦ 45 ደቂቃ ሆነ። ጉሙ ገለጥ አለ። ጭላዳዎች ገደሉ አፍ ላይ ቁጭ ብለው ሣር እየነቀሉ ነው፣ አንዷ ልጇን ጀርባዋ ላይ አዝላለች። ጓደኞቼ ፎቶ ላይ ናቸው፣ ስለ ፍሬኑ ረስተውታል። ፔዳሉ ትንሽ ጠንከር ብሏል። በአንደኛ ማርሽ ልሞክር ነው።

ግራሶ፦ ትንሽ ማለት ስንት ነው? የጎማውን ውስጥ አየኸው?

ግራሶ፦ ሰውዬ?

አባ መንገድ፦ በአንደኛ ከሆነ ይደርሳል። በአንደኛ ከሆነ።

ወይዘሮ ደጋ፦ መሸ እኮ። ደረሳችሁ ወይ?