ጭንቅላቱ የተበላና ዝም ብሎ የሚዞር የሞተር ሳይክል ብሎን ፕላስቲኩን ሳይሰብሩ እንዴት ይፈታል?

ጥያቄ፦ የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ ጎንደር አዘዞ

ጤና ይስጥልኝ። ለሥራ የምጠቀምበት ባለ 125 ሲሲ የገጠር መንገድ ሞተር ሳይክል አለኝ። በየሳምንቱ ከአዘዞ ተነሥቼ ወደ ቆላ ድባና ወደ ጯሂት ስለምወርድበት፣ ክረምቱን ሙሉ የደንቢያን ዋልካ ሲጠጣ ከርሞ አሁን ጉልበቱ ደክሟል። የአየር ማጣሪያውን አውጥቼ ለማጠብ የግራውን የጎን ፕላስቲክ መፍታት ጀመርሁ። ከአራቱ ብሎኖች ሁለቱ በሰላም ወጡ፤ ሁለቱ ግን አስቸገሩኝ።

አንደኛው ከላይ፣ ከቤንዚን ታንከሩ ሥር ያለው ባለ ብሩጎላ (በባለ ስድስት ማዕዘን ዘንግ ቁልፍ የሚፈታ) ብሎን ነው። ከተደባለቀ የብሩጎላ ስብስብ ውስጥ የሚገጥም የመሰለኝን መርጬ ስጠመዝዘው ተንሸራተተ፤ ደግሜ ስሞክር ባለ ስድስት ማዕዘኑ ቀዳዳ ወደ ክብነት ተለወጠ። ሁለተኛው ከኋላ በኩል ያለው ነው። የዚህኛው ጭንቅላት ደኅና ነው፣ ቁልፉም በደንብ ይይዘዋል፤ ነገር ግን ያለማቋረጥ ይዞራል እንጂ ንቅንቅ ብሎ ወደ ውጭ አይወጣም። በሁለቱም ላይ ናፍጣ አንጠባጥቤ አንድ ሰዓት ያህል ጠብቄአለሁ፤ ለውጥ የለም። አንድ የሰፈር ልጅ በካቻቪቴ ፈልቅቀሽ አውጪው ብሎኝ ነበር፤ ሆኖም ፕላስቲኩ ገና መታጠፍ ሲጀምር ነጭ መስመር ሲያወጣ ስላየሁ ተውሁት። የዚህን ሞተር ፕላስቲክ በከተማችን ጠይቄ አላገኘሁም፤ ስለዚህ ከተሰበረ ምትክ የለኝም። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ መካኒክ፣ ፒያሳ

እህቴ፣ መተውሽ ትክክል ነው። ያየሽው ነጭ መስመር ፕላስቲኩ ከመሰንጠቁ በፊት የሚሰጠው ምልክት ነው። ብሎን በጥቂት ብር ይገዛል፤ ፕላስቲኩ ግን አንዴ ከሄደ ሄደ። ከሁለቱ አንዱ መጥፋት ካለበት የሚጠፋው ብሎኑ ይሁን።

የሁለቱ ብሎኖች ሕመም የተለያየ ስለሆነ መድኃኒታቸውም አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ከኋላ ጥርሱ አጥብቆ ይዞታል፤ የተበላው ከፊት ቁልፍ የሚገባበት ቀዳዳው ነው። የሁለተኛው ግን ጭንቅላቱ ጤነኛ ሆኖ ከኋላ የሚይዘው ነገር ከቦታው ለቋል። ስለዚህ አንደኛውን ወደ ውስጥ አጥብቀሽ እየገፋሽ ትፈቺዋለሽ፤ ሁለተኛውን ደግሞ ወደ ውጭ እየሳብሽ። ይህን ልዩነት ሳያውቁ ሁለቱንም በጉልበት የሚታገሉ ሰዎች ናቸው ፕላስቲክ ሰብረው ወደ እኔ የሚመጡት።

ስለ መጀመሪያው ላስረዳሽ። ጭንቅላቱ ከፍ ያለና ዙሪያው ቀጥ ያለ፣ የግንዱ ውፍረት 6 ሚሊሜትር የሆነ ብሎን የሚፈልገው ባለ 5 ሚሊሜትር ብሩጎላ ነው፤ ጭንቅላቱ እንደ ልብስ ቁልፍ ጎበጥ ያለ ከሆነ ደግሞ ባለ 4። በተደባለቁ ስብስቦች ውስጥ የኢንች ብሩጎላዎች ይገኛሉ፤ የ3/16 ኢንቹ 4.76 ሚሊሜትር ስለሆነ በ5 ሚሊሜትሩ ቀዳዳ የገጠመ ይመስላል፤ ነገር ግን ሩብ ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ስለሚተው ማዕዘኖቹን ይበላቸዋል። የደረሰብሽ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ሌላም ምክንያት አለ፤ ዋልካ በቀዳዳው ውስጥ ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ ስለሚጠና ቁልፉ እስከ መጨረሻው አይገባም፣ በአፉ ብቻ ይይዛል። እንግዲህ ሌላ ነገር ከመሞከርሽ በፊት በወስፌ ጫፍ ጭቃውን እየፈለፈልሽ እስከ ብረቱ ወለል ድረስ አጽጂው።

ከዚያ ዝገት የሚያላቅቅ ቅባት ነፍተሽ ሌሊቱን ያሳድሪው፤ አንድ ሰዓት አይበቃም፣ ናፍጣም አዝጋሚ ነው። በማግሥቱ ባለ ኮከብ ጫፍ፣ ቶርክስ ቲ 30 የሚባለውን ለባለ 5ቱ ቀዳዳ፣ ቲ 25ቱን ደግሞ ለባለ 4ቱ ወስደሽ በመዶሻ ቀስ እያልሽ ምቺው። የኮከቡ ጨረሮች ከቀዳዳው ጎኖች በጥቂቱ ስለሚሰፉ የተበላውን ብረት እየሰነጠቁ ይገባሉ፣ አዲስ መያዣም ያገኛሉ። ምቱ ራሱ ዝገቱን ያናጋዋል። ስትፈቺው መጀመሪያ ለቅጽበት ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ ጫን አድርጊው፤ ከዚያ ወደ መፍቻው መልሽው። የተነከሰው ጥርስ ሲላቀቅ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ትሰሚያለሽ።

መልስ፦ ሞተረኛ፣ ደባርቅ

አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ በኩል ጠዋት ብርድ ስለሚበረታ ፕላስቲክ ለመፍታት እስከ ረፋዱ ፀሐይ ላይ አቆመዋለሁ፤ የቀዘቀዘ ፕላስቲክ አይታጠፍም፣ ይሰበራል። ሌላው፣ ብዙ ሰው ዝገት ያላቅቃል ብሎ የፍሬን ዘይት ያፈስሳል። የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል፣ አንዳንዱንም ፕላስቲክ ያበላሻል፤ እባክዎ አይንኩት።

መልስ፦ የብየዳና የቶርኖ ሠራተኛ፣ አራዳ

ወደ እኔ ቢመጡ የምሰጥዎትን ምክር ልንገርዎት። ብሎኑ ከታንከሩ ሥር ነው ስላሉ እሳት እንዳያስጠጉ፤ ላይተርም ቢሆን። የጎን ፕላስቲኮች አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት ከፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ይህም በ160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል፤ የጋዝ ነበልባል ደግሞ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይግላል። ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ግን ቤንዚኑ ነው። «ታንከሩን ባዶ አድርጌዋለሁ» የሚሉ ሰዎች ይመጣሉ፤ ባዶ ታንከር በቤንዚን ትነትና በአየር ስለሚሞላ ከሙሉው ይልቅ ይፈነዳል። በተሰበረ ብሎን ላይ ዳዶ በይዶ ማውጣት ጥሩ ዘዴ መሆኑን አልክድም፤ የምሠራው ግን ታንከሩ ወርዶ ከክፍሉ ከወጣ፣ ባትሪው ከተነቀለና ፕላስቲኩ ከተነሣ በኋላ ብቻ ነው።

ቶርክሱ እምቢ ካለ ጭንቅላቱን በትራፓኖ ማንሣት የተሻለ ነው። ባለ 6 ሚሊሜትር ፑንታ (የትራፓኖ መብሻ ጫፍ) ይውሰዱ፤ የብሩጎላው ቀዳዳ ራሱ ፑንታውን መሀል ለመሀል ይመራዋል። በዝግታ፣ እያረፉ፣ በየመሀሉ ዘይት ጠብ እያደረጉ ይብሱት፤ ፍጥነት ብሎኑን ያግለውና ዙሪያውን ያለውን ፕላስቲክ ያቀልጠዋል። ጭንቅላቱ እንደ ቀለበት ተለያይቶ በፑንታው ላይ ሲዞር ያያሉ፤ ያን ጊዜ ያቁሙ። ፕላስቲኩ በነፃነት ይነሣል፤ የቀረውን ግንድ ነክሶ በሚቆለፍ ፒንሳ ይዘው ያወጡታል። ጭንቅላቱ የሚጫነው ጫና ስለማይኖር ግንዱ ብዙ ጊዜ ከተጠበቀው በላይ ቀላል ነው።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ እንዳሉት ብሩጎላዬን ሳየው በእርግጥም 3/16 የሚል ተጽፎበታል። ሁለተኛውን ብሎን በስልኬ መብራት ከኋላው አጮልቄ አየሁት፤ ዳዶ የለውም። በኋለኛው ፕላስቲክ ውስጥ የተቀበረ ቢጫ የነሐስ ቀለበት አለ፤ ብሎኑ ሲዞር እርሱም አብሮ ይዞራል። ይህስ ምን ይደረጋል?

መልስ፦ መካኒክ፣ ፒያሳ

ጥሩ አድርገሽ አይተሻል፤ ዳዶ ቢሆን ኖሮ በቀጭን ፒንሳ ያዢው ብዬ እጨርስ ነበር። ያየሽው ቀለበት ውስጡ ጥርስ ያለው፣ ውጪው ደግሞ እንደ ሞረድ የሻከረ ነሐስ ነው። ብሎኑ ውስጡ ሲዝግ ነሐሱ ከፕላስቲኩ ይላቀቅና አብሮ ይዞራል። ስትፈቺው ቁልፉን ወደ ውስጥ በገፋሽ ቁጥር ነሐሱን ከመቀመጫው ይበልጥ ታላቅቂዋለሽ።

ሁለተኛ ሰው ያስፈልግሻል። አንዱ የጎን ፕላስቲኩን ከብሎኑ አጠገብ፣ ከጠርዙ ሳይሆን፣ በሁለት እጁ ይዞ ቀጥ አድርጎ ወደ ውጭ ይሳብ፤ ሌላው በዝግታ ይፍታ። ሲሳብ የነሐሱ ሻካራ ጠርዝ በፕላስቲኩ ግድግዳ ላይ ስለሚጫን ብዙ ጊዜ መዞሩን ያቆማል። ጭንቅላቱ ጥቂት ከወጣ ከሥሩ ሁለት ጠፍጣፋ ካቻቪቴዎች በተቃራኒ ጎን አስገቢ፤ ነገር ግን ከካቻቪቴው በታች ቁራጭ የጎማ ካላማዳሪ ወይም ወፍራም ቆዳ ይኑር። ብሎኑ ነሐሱን ይዞ ከነቀለም አትደንግጪ፤ መልሶ ማስቀመጥ ይቻላል።

አመላለሱ እንዲህ ነው። ኤፖክሲ አትቀቢ፤ ከፖሊፕሮፒሊን ጋር አይጣበቅም፣ በሁለተኛው ጉዞ ይለቃል። የሬዲዮ ጠጋኞች እርሳስ የሚያቀልጡበትን የኤሌክትሪክ ብረት ተዋሺ። ፕላስቲኩን ከሞተሩ አውርደሽ፣ ከቤንዚን አርቀሽ፣ ነሐሱን በቀዳዳው አፍ ላይ አስቀምጪና የጋለውን ብረት ጫፍ በውስጡ አስገብተሽ በራሱ ክብደት ብቻ እንዲሰጥም ተዪው። ፕላስቲኩ ቀልጦ በሻካራው ጎን መሀል ይገባል። ከፊቱ ጋር እኩል ሲሆን ብረቱን አንሺ፤ ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ ብሎን እንዳታስገቢበት። ቀዳዳው በጣም ሰፍቶ ከሆነ ከተሰበረ ተመሳሳይ ፕላስቲክ ቀጭን ፍቅፋቂ ጨምሪበት፤ ተመሳሳይ መሆኑን ከውስጥ በኩል በተቀረጹት የላቲን ፊደላት ታውቂያለሽ፣ ለፖሊፕሮፒሊን ፒ ፒ ይላል።

መልስ፦ ሞተረኛ፣ ደባርቅ

ሲመልሱት ቦኮላውን እንዳይረሱ። በፕላስቲኩ ቀዳዳ ውስጥ የምትቀመጠው አጭር የብረት ቱቦ ማለቴ ነው። ብሎኑ የሚጨምቀው እርሷን እንጂ ፕላስቲኩን እንዳይሆን የተደረገች ናት። ከጠፋች ፕላስቲኩ በጭመቃ ይሳሳል፤ ብሎኑም በኮረኮንች ላይ ይላላል፤ ሰው ደግሞ ላላ ብሎ አጥብቆ ያስረዋል፤ መጨረሻው መሰንጠቅ ነው። የእኔ በዚህ ምክንያት ነው የተሰበረው።

ጠያቂዋ

ዛሬ ሁለቱም ወጥተዋል። የመጀመሪያውን ቀዳዳ በወስፌ ስፈለፍል ከግማሹ በላይ ደረቅ ዋልካ ነበር። ቅባቱን ነፍቼ አሳደርሁት፤ ቲ 30 ቶርክስ ተውሼ አራት ጊዜ ያህል መታሁት፤ ጥቂት አጥብቄ ወደ መፍቻው ስመልሰው ጋሼ ያሉት «ጠቅ» ተሰማኝ። ሁለተኛውን የእህቴ ልጅ ፕላስቲኩን እየሳበልኝ ፈታሁት። ለሦስት ዙር ያህል ወጣ፣ ከዚያ ነሐሱን ይዞ ተነቀለ፤ ፕላስቲኩ ግን አንዲት ስንጥቅ የለበትም። በዚህኛው ቀዳዳ ቦኮላ አልነበረም። ነሐሱን እንደተነገረኝ በጋለ ብረት መልሼ አስቀምጬዋለሁ፤ ቶርኖ ቤት ደግሞ ምትክ ቦኮላ እየተቆረጠልኝ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል፦ አዲሶቹን ብሎኖች ስገጥም ብሎን እንዳይላላ የሚቀባውን ማጣበቂያ ልጠቀም ወይስ ግሪስ?

መልስ፦ መካኒክ፣ ፒያሳ

ለፕላስቲክ ብሎን ግሪስ ቀቢ። ማጣበቂያው ከአንዳንድ ፕላስቲክ ጋር ሲገናኝ ያሰነጥቀዋል፤ በነሐሱ ውስጥ ከደረቀም በሚቀጥለው ክረምት ያው ችግር ይመለሳል። ጥርሱን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጽድተሽ በስሱ ቀቢና መጀመሪያ በጣትሽ ብቻ አስገቢው፤ በጣት እምቢ ካለ ጥርሱን ስቷልና አውጥተሽ እንደገና ጀምሪ። አራቱንም በየተራ ካስያዝሽ በኋላ የብሩጎላውን አጭሩን ክንድ ይዘሽ አጥብቂ። ባለ 6 ሚሊሜትር ብሎን በብረት ውስጥ 10 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) ያህል ይበቃዋል፤ በነሐሱ ላይ ከዚያ ይነስ። ማጣሪያውንም አጥበሽ ሳይደርቅ አትመልሺው።