በነጭ የቻይና ሳህን ውስጥ ያለ አበባ፦ በእጅ የተቀረጸ ወይስ በቅርጽ ማውጫ የታተመ?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። ፒያሳ ከሚገኙት የጥንታዊ ዕቃ መደብሮች በአንዱ የዝሆን ጥርስ ቀለም ያላት ስስ ጎድጓዳ ሳህን አይቻለሁ። ባለመደብሩ በቻይናው የሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የተሠራች የዲንግ ሳህን (ዲንግ በሰሜን ቻይና ይሠራ የነበረ ነጭ ሸክላ ነው) መሆኗን ይናገራሉ። በውስጧ የሎተስ አበባ ከነቅጠሉ ተቀርጿል፤ ሆኖም ሳህኗን ወደ ብርሃን ዘንበል ካላደረጓት በቀር አበባው በደንብ አይታይም። አፏ ዙሪያውን በቀጭን መዳብ የተለበጠ ሲሆን፣ መዳቡ በተላቀቀበት በኩል ጠርዙ ቅብ (በእሳት ቀልጦ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጨው ሽፋን) የሌለው ሻካራ ነው። ይህ ተሰብራ መጠገኗን ያመለክታል? አበባውስ በእጅ መቀረጹ በምን ይታወቃል?

የመጀመሪያ መልስ፦
ስለ አፏ አይስጉ። የዲንግ ምድጃዎች የነበሩት ዛሬ ሄቤይ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ቹያንግ ወረዳ ውስጥ ነው። በሰሜን ሶንግ ዘመን (960–1127) በዚያ የነበሩ ሠራተኞች ሳህኖችን በአፋቸው ደፍተው መተኮስ ለመዱ፤ ይህም ስሱ አፍ በእሳት እንዳይጣመም ከማገዙም በላይ ብዙ ሳህኖችን ደራርቦ በአንድ ጊዜ ለመተኮስ አስችሏል። ቅቡ ቀልጦ ከመደገፊያው ጋር እንዳይጣበቅ ከጠርዙ ላይ ይጠረግ ስለነበር፣ የቀረውን ሻካራ አፍ በመዳብ፣ በብር ወይም በወርቅ ይለብጡት ነበር።

ሁለተኛ መልስ፦
እኔ በአበባው ላይ ላተኩር፤ የዲንግ ሥራ ውበት ያለው እዚያ ነውና። ቀራጩ ጭቃው ጠንከር ብሎ ገና ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ቢላውን አጋድሞ ስለሚቆርጥ፣ የመስመሩ አንዱ ወገን ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ሌላው ወገን ደግሞ ቀስ እያለ ከሳህኑ ገጽ ጋር ይቀላቀላል። ቅቡ በጥልቁ በኩል ይጠራቀምና ቀለሙ እዚያ ጠቆር ይላል፤ አበባው ያለ አንዳች ቀለም ጥላ ያገኘው በዚህ ምክንያት ነው። የቅጠሉ ደም ሥሮች ብዙ ጊዜ በጥርሳም መሣሪያ የተጫሩ ጎን ለጎን የሚሄዱ ቀጫጭን መስመሮች ናቸው። በቅርጽ ማውጫ የታተመ አበባ ግን፣ በተለይ ሰሜን ቻይናን ከሶንግ በወሰደው በጂን ሥርወ መንግሥት ዘመን (1115–1234) በብዛት የተሠራው፣ መስመሩ ከገጹ ከፍ ያለና ውፍረቱ እኩል ነው፤ ጌጡም ሳህኑን ጢም አድርጎ ይሞላዋል። ሥራው የረቀቀ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን እጅ ሲፈጥንና ሲዘገይ የሚታየው በተቀረጸው ላይ ብቻ ነው።

ሦስተኛ መልስ፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ይሁን እንጂ የመዳብ ለበጣ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በደቡብ ቻይና ባለችው የሸክላ ሥራ ከተማ በጂንግዴዠንም ሳህን ደፍቶ መተኮስ የተለመደ ነበር፤ የዲንግን መልክ የተከተሉ ሥራዎችም በኋለኞቹ ዘመናት ተሠርተዋል። ቀለሟን በቀን ብርሃን ይመልከቱ፦ የዲንግ ምድጃዎች በድንጋይ ከሰል አየር በበዛበት እሳት ይተኩሱ ስለነበር ነጩ ወደ ቢጫ ያዘነብላል፤ ቺንግባይ የሚባለው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ የጂንግዴዠን ነጭ ሸክላ ግን ቅቡ በተጠራቀመበት ሁሉ ሰማያዊ ይሆናል። በውጭ በኩልም እንባ የመሰሉ የቅብ ፍሳሾች እንዳሉ በጣትዎ ይዳስሱ። በ2013 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓውያን አቆጣጠር አንዲት የተቀረጸች የዲንግ ሳህን ኒው ዮርክ ውስጥ ከ2.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጣለች፤ ባለቤቶቿ ሰዎች ያገለገለ ዕቃቸውን በግቢያቸው ከሚሸጡበት ሽያጭ የገዟት በ3 ዶላር ገደማ ነበር። እንዲህ ያለው ወሬ ዋጋ ለማናር ስለሚውል፣ ባለሙያ ሳያያት ቀብድ እንኳ አይክፈሉ።