ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ዘርተን የከብቱ መኖ አነሰ፤ ምን ይሻላል?

የራያ ልጅ (ጠያቂ)፦ ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ቆቦ አካባቢ ገበሬ ነው። ሁለት በሬ፣ ሁለት ላምና አንድ ጥጃ አለው። ድሮ በሚያዝያ ደጋሊት የሚባለውን ዘግይቶ የሚደርስ፣ አገዳው ረጅም ማሽላ ይዘራ ነበር። የበልጉ ዝናብ ሲከዳው "መልካም" የሚባለውን ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ዘራ። እህሉስ ደረሰ። አገዳው ግን አጭር ስለሆነ ጥር ሳያልቅ አለቀ። የወል ግጦሹም ተከልሏል። አሁን "ወደ ደጋሊቴ እመለሳለሁ" ይለኛል። ምን ልበለው? ከብት እናስሽጠው?

የሐብሩ ገበሬ፦ አባትህ አልተሳሳቱም። እኛ ዘንድ ማሽላ ለጎተራ ብቻ አይዘራም። አገዳው መኖ ነው፣ ማገዶ ነው፣ አጥር ነው። መሬቱን ለሁለት ክፈሉት። የጎርፍ ጠለፋ (ጎርፉን ወደ ማሳ መልሶ ማጠጣት) በሚደርሰው ማሳ ደጋሊት፣ በቀረው መልካም ይሁን። ቶሎ የሚደርሰውን ደግሞ ከጎረቤት ጋር በአንድ ሰሞን ዝሩ። ብቻውን ቀድሞ ያሸተን ማሽላ ወፍ ይጨርሰዋል። እኔ ብቻዬን ዘርቼ ወንጭፍ ይዤ ማማ ላይ ከርሜያለሁ!

ጡረተኛው የልማት ሠራተኛ፦ ያለውን ጭድና አገዳ በዩሪያ አክሙት። ለ100 ኪሎ የተከተፈ አገዳ 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ገደማ ውኃ አሟሙና እኩል እርጩበት። ጠቅጥቃችሁ አየር እንዳይገባው በላስቲክ አሽጉ። በ21 ቀን ይደርሳል። ከማብላታችሁ በፊት ሽታው እስኪለቅ አናፍሱት። ለትንሽ ጥጃ አይሰጥም። የዩሪያውን ውኃ ከብት ከጠጣው ደግሞ ይሞታል፤ ባልዲውን ሜዳ ላይ እንዳትተዉ። የተከለለውንም መሬት ቀበሌ ጠይቁ። ከብት ማስገባት ቢከለከልም፣ በብዙ ቦታ ሣሩን አጭዶ መውሰድ ይፈቀዳል።

የያቤሎ ልጅ፦ ስለ መሸጡ እኔ ልናገር። ቦረና ከ2013 እስከ 2015 አምስት ወቅት በተከታታይ ዝናብ ቀረብን። "ቆይ፣ የሚቀጥለው ይዘንባል" እያልን ከብቱ መቆም አቃተው። ያን ጊዜ ማን ይገዛል? የምትሸጡ ከሆነ ሥጋው ሳይወርድ ሽጡ። በሬዎቹን አትንኩ፣ በምን ታርሳላችሁ? ከላሞቹ ያረጀችው ትሂድ። እኛ ጋ "ካሎ" የሚባል አለ፤ በዝናብ ወራት ትንሽ ሣር አጥረን ለጥጃና ለምትታለብ ላም ለበጋ እናቆያለን። በጓሮም ቢሆን ሞክሩት።

የራያ ልጅ፦ እግዜር ይስጥልኝ። አባቴ የወንጭፉን ነገር ሳነብለት በሳቅ ሞተ፤ እሱም ደርሶበታል። ያረጀችዋ ላም ለሚቀጥለው ገበያ ትወጣለች። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ላስቲክ ውድ ነው፣ ጉድጓድ አይሆንም?

ጡረተኛው የልማት ሠራተኛ፦ ይሆናል። ውኃ የማይተኛበት ቦታ ቆፍሩ። ጎኑን በጭቃ ለስኑት፣ ከላይም በደንብ ምረጉት። ጭቃው ሲሰነጠቅ ቶሎ ድፈኑ። አየር ከገባ ይሻግታል።