26 ኢንች የተባለ ጎማ ቸርኬው ላይ አልገባም፤ ቁጥሩ እንዴት ነው የሚነበበው?

ባለ26
ሰላም ወገኖች። ያረጀው የሳይክል ጎማ ጎኑ ላይ «26 × 1 3/8» ይላል፤ አጠገቡ የነበረው ሌላ ቁጥር ተፍቋል። መርካቶ «26 ስጡኝ» ብዬ የገዛሁት አዲሱ ጎማ «26 × 1.95» እና «50-559» ይላል። አንዱ ጎኑ እንኳ ቸርኬው ላይ አልወጣም። ጎሚስታው በብረት እናስገድደው ይላል። ይቻላል? ካልሆነስ የትኛውን ልግዛ? መንገዱ ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ ነው፤ አስፋልትም ኮብልስቶንም አለው።

ፔዳል
ወንድሜ፣ በፍጹም እንዳታስገድዱት። «26» የተነፋውን ጎማ የውጭ ቁመት በግምት የሚናገር የድሮ ስያሜ ነው፤ ቸርኬውን አይነግርህም። የሚታመነው በሰረዝ የተያያዘው ቁጥር ነው። 50-559 ማለት ጎማው ሲነፋ ወርዱ 50 ሚ.ሜ.፣ ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ክብ ዲያሜትር 559 ሚ.ሜ. ነው። 26 × 1 3/8 ደግሞ 37-590 ነው። የ31 ሚ.ሜ. የዲያሜትር ልዩነት በዙሪያ ሲለካ ወደ 97 ሚ.ሜ. ይደርሳል፤ በጎማው ጠርዝ ውስጥ ያለው ሽቦ አይለጠጥም። ቢታገሉት ሽቦው ይበጠሳል ወይም ከመነዳሪው (አየር የሚይዘው የውስጡ ጎማ) ይቆረጣል።

በነጥብ የተጻፈና በክፍልፋይ የተጻፈ እኩል አይምሰልህ። 26 × 1.75 ልኩ 559 ነው፣ 26 × 1 3/4 ግን 571፤ በሒሳብ አንድ፣ በቸርኬ ሁለት። 26 × 1 1/2 ደግሞ 584 ነው፤ ዛሬ 27.5 የሚባለው የተራራ ሳይክል ልክም ይኸው ነው። 700ሲ እና 29 የሚባሉት ልኮች ሁለቱም 622 ናቸው። የድሮው ከባዱ ሳይክል 28 × 1 1/2 ግን 635 ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ አልገባም የሚለው ሳይሆን በቀላሉ የሚገባው ነው። 27 × 1 1/4 (630) ጎማ 622 ቸርኬ ላይ ያለ ትግል ይገባል፤ አየር ሲሞላ ግን ዘሎ ይወጣል። ይህ በቸርችል ጎዳና ቁልቁለት ላይ ቢሆን አስበው።

ሜትር
ጽሑፉ ስለጠፋ ቸርኬውን ለካው፤ አንዳንዱ ላይ ቁጥሩ ተቀርጾ ታገኘዋለህ። ከሌለ ጎማውን አውልቀህ የማይለጠጥ የልብስ ሰፊ ሜትር በቸርኬው የውጭ ጠርዝ ዙሪያ ጠምጥም። 179 ሴ.ሜ. ገደማ ከሆነ 559፣ 187 ከሆነ 584፣ 189 ከሆነ 590፣ 199 ከሆነ 622 ነው። 187ና 189 ስለሚቀራረቡ ሁለት ሦስት ጊዜ ለካ። የጠርዙ ቁመት ከቸርኬ ቸርኬ ትንሽ ስለሚለያይ እነዚህ ግምቶች ናቸው፤ በሁለቱ መሃል ከወደቀብህ ቸርኬውን ራሱን ይዘህ ሂድ።

ባለ26
ሦስቴ ለካሁ፤ 189 ነው።

ፔዳል
እንግዲያው «590» ብለህ ጠይቅ፤ «26» አትበል። ለኮብልስቶን ወርዱ ሰፋ ቢል ደስ ይላል፣ ግን ጎማው ከተነፋ በኋላ ከሹካውና ከጭቃ መከላከያው ቢያንስ 5 ሚ.ሜ. ገደማ መራቁን እይ። ከመነዳሪውንም ከ1.95 ጎማ ጋር የተሸጠልህን አታስገባ፤ ለ37 ሚ.ሜ. ጎማ ይሰፋል፣ ይታጠፋል፣ በእጥፋቱም ይበሳል።

ሜትር
ስታስገባ ከቫልቩ ተቃራኒ ጀምረህ ቫልቩ ጋ ጨርስ። የጎማው ጠርዝ ወደ ቸርኬው መሃል ጎድጓዳ እንዲገባ እየገፋህ ከሄድክ በእጅ ብቻ ይገባል። ከዚያ ቫልቩን ወደ ላይ ገፋ አድርገህ ከመነዳሪው ከጎማው ጠርዝ ሥር አለመያዙን አረጋግጥ። ትንሽ ነፍተህ በጎማው ጎን ያለው ቀጭን መስመር ዙሪያውን ከቸርኬው እኩል መራቁን እይ፤ የሰመጠ ወይም ያበጠ ቦታ ካለ አስተንፍሰህ አስተካክል። የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ለመኪና የተሠራ ነው፤ የሳይክል ጎማ የሚይዘው አየር ትንሽ ስለሆነ በሰከንዶች ይፈነዳል። በእጅ ፓምፕ ሙላ፣ ጎማው ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ፒ.ኤስ.አይ. (የአየር ግፊት መለኪያ) አትለፍ።